የማርሽ ጥምርታ ምንድን ነው? የመጀመሪያ የኮርስ ብስክሌት ለምትገዙ

ደሴ ውስጥ የኮርስ ብስክሌት ሊገዛ የተነሳ ወጣት መጀመሪያ «ብራንዱ ምንድን ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ኪሎ ነው?» ይልና በአንድ እጁ አንስቶ ይመዝነዋል። ጥያቄዎቹ አይከፉም። ግን በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ለሚወጣ ሰው ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ፔዳሉ ጋ ያለው የፊቱ ጥርሳም ክብ ስንት ጥርስ ነው? የኋላውስ? የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዝምድና የማርሽ ጥምርታ ይባላል። በጠባብ በጀት ውድድር መጀመር የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ የሚያተርፈውም የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፔዳሉ ጋ ያለውን የጥርስ ብዛት ለኋላው የጥርስ ብዛት ታካፍላላችሁ። የፊቱ 39፣ የኋላው 25 ከሆነ 1.56 ይመጣል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይዞራል ማለት ነው። የተለመደው የኮርስ ጎማ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በዚህ ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር 3.3 ሜትር ያህል ያስኬዳል። ቁጥሩ ሲያንስ ፔዳሉ ይቀላል፣ የምትሄዱት ርቀትም ያጥራል። ሲበዛ ደግሞ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ርቀቱም ይረዝማል።

የኮርስ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ሁለት ጥርሳም ክቦች አሉት። 53 እና 39 የያዘው የቆየው የውድድር ዓይነት ነው። 50 እና 34 የያዘው ኮምፓክት ይባላል። የኋላው ድርድር፣ ካሴቱ ማለት ነው፣ በትንሹና በትልቁ ጥርስ ይጠራል። 11-25፣ 11-28፣ 11-32 ሲባል ብትሰሙ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለአማካዩ ካሰላችሁት ዳገቱ የሚያስፈራ አይመስልም። መንገዱ ግን በአማካይ አይወጣም። ሐረጎ ላይ ሲደርስ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፣ ጉልበት የሚለየውም እዚያ ነው።

እዚያ ላይ አንድ ጀማሪ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየወጣ ነው እንበል። ማርሹ 39 በ25 ከሆነ ፔዳሉን በደቂቃ 51 ጊዜ ያህል ያዞራል። 34 በ28 ከሆነ 65 ጊዜ ያዞራል። 34 በ32 ቢሆን 75 ጊዜ። ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ዳገቱም አንድ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ ርግጫ የሚጠይቀው ጉልበት ላይ ነው። በ51 ዙር የሚወጣው ልጅ በየርግጫው ፔዳሉን ጠንክሮ መርገጥ አለበት። ሳንባው ገና ሳይደክም ጭኑ ይዝላል፣ ጉልበቱም ሲውል ሲያድር መታመም ይጀምራል። በ75 የሚያዞረው ግን ተቀምጦ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ ይወጣል።

የእኛ ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ለምዶታል፣ ቢሆንም ቆላ ላይ የሚያወጣውን ጉልበት እዚህ አያወጣም። ስለዚህ ሌላ አገር ሜዳ ላይ «በቂ ነው» የተባለ ማርሽ ደሴ ላይ በቂ አይደለም።

«ታዲያ ቀለል ያለ ብስክሌት ብገዛስ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 11 ኪሎ ብስክሌት ላይ ቢቀመጥ በድምሩ 71 ኪሎ ነው። ብስክሌቱን በ9 ኪሎ ቢቀይረው 69 ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚያ ሁለት ኪሎ የሚጠየቀው የዋጋ ልዩነት ግን ጀማሪን ያስደነግጣል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም በውድድር ላይ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት አይፈቅድም፤ ቅለት ለታላላቆቹም ወሰን አለው። ከ39 በ25 ወደ 34 በ28 መሸጋገር ደግሞ ርግጫውን ከሃያ በመቶ በላይ ያቀለዋል። እኔ ብሆን ገንዘቤን የት እንደማውል አያጠራጥረኝም።

«ኮምፓክት የጀማሪ ነው፣ ሜዳ ላይ ያስቀራል» የሚል ወሬ አለ። አትስሙት። 50 በ11 ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ስታዞሩ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራላችሁ። 53 በ11 ቢሆን 54 ወይም 55 ይሆናል። በመጀመሪያ ዓመቱ ሜዳ ላይ ከ50 በላይ ይዞ የሚቆይ አማተር የት ይገኛል? ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድማ ፔዳል መምታት ትቶ ጎንበስ ማለት ነው።

ጥርሱን መቁጠር ደቂቃ አይፈጅም። ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። የፊቱን ብረት ጠረግ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፦ 53፣ 39፣ 50፣ 34። ካልታየ አንዷን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ምልክቷ ተመልሳ እስክትመጣ ቁጠሩ። ከኋላ የትልቁን ብቻ ብትቆጥሩ ይበቃል፣ ዳገት ላይ የሚያወጣችሁ እሱ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሸወዱበት ነገር አለ። 53/39 የተገጠመለት ብስክሌት ሲሸጥ «ችግር የለም፣ በኋላ 34 ታስገባበታለህ» ይባላል። ሁልጊዜ አይሆንም። የፊቱ ጥርስ በቡሎን ነው የሚታሰረው። በቆየው ባለ አምስት ቡሎን ፔዳል ላይ ቡሎኖቹ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ38 ጥርስ በታች አይቀበልም። ኮምፓክቱ 110 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 34 ይገባበታል። ለመለየት ማስመሪያ ይበቃል። ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ቡሎኖችን መሐል ለመሐል ለኩ። 7.6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 130 ነው፣ 6.5 ገደማ ከሆነ 110 ነው። 7.6 ከመጣ 34 ማስገባት ማለት ፔዳሉን ከነክንዱ መቀየር ማለት ነው። ያን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፣ ካልሆነም ተዉት።

ከኋላም ገደብ አለ። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ክንድ ሁለት ትናንሽ ጥርሳም መዘውሮች አሉት። በቆዩት ብስክሌቶች ላይ መዘውሮቹ የተቀራረቡበት አጭር ክንድ እስከ 28 ጥርስ አካባቢ ይሸከማል። 32 ለመግጠም ረዘም ያለው ያስፈልጋል።

አሁን ለኪስ የሚስማማውን ልንገራችሁ። ፊት ላይ ሦስት ክቦች ያሉት የኮርስ ብስክሌት ካገኛችሁ አትናቁት። ፋሽኑ ስላለፈ ፈላጊው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ለድርድር ይመቻል። ብዙ ጊዜ 50፣ 39 እና 30 ይይዛል። 30 ለ25 ሲካፈል 1.2 ነው። 34 ለ28 ደግሞ 1.21። ሐረጎ ላይ ልዩነታቸው አይታወቅም። የሚጨምረው ክብደት ጥቂት ነው፤ ማርሽ ሲቀየር ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል፣ ያንን አንድ ጎበዝ መካኒክ ይጨርሰዋል።

ኮምቦልቻ ነዋሪ ሆናችሁ ልምምዳችሁ በብዛት ወደ ሐርቡና ከሚሴ አቅጣጫ ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል። እዚያ በቡድን ሲጋለብ ፍጥነት በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ካሴቱ ሰፊ ሲሆን በጥርሶቹ መካከል ያለው ዝላይም ይሰፋል። አንዱ ማርሽ ይከብዳችኋል፣ ቀጣዩ ደግሞ ይቀላችኋል። ስለዚህ ከኋላ 12-25፣ ከፊት 50/34 ለሜዳ ጥሩ ነው። ደሴ ለሚኖር ግን 34 በ28 የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ይሁን። 32 ከተገኘ እሰየው።

ጥርሱ ልክ ሆኖ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ማስመሪያውን ሰንሰለቱ ላይ ዘርጉት። ዜሮውን አንድ ፒን መሐል ላይ አድርጉና 24 ፒን ወደፊት ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ሃያ አራተኛው ፒን 30.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 30.8 ከደረሰ ሰንሰለቱ ተለጥጧል፣ ካሴቱንም ሳይበላው አልቀረም። ሰንሰለቱን ብቻ በአዲስ ብትቀይሩት ባለቀው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። የሁለቱን ዋጋ ደምራችሁ ተደራደሩ።

የፍሬሙ ቁመት ለእናንተ ካልሆነ ግን ምንም ማርሽ አያስተካክለውምና ተቀምጣችሁበት ሞክሩት። ብየዳው አካባቢ ስንጥቅ ካያችሁ አትግዙ። ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ፍሬኑ የሚነክስበት ላይ በጣታችሁ ዳስሱት። ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከተሰማችሁ ብረቱ ተበልቷል። እንዲህ ባለ ጎማ ሐረጎን መውረድ አይታሰብም፣ ከመጋለባችሁ በፊት አስቀይሩት።