«ሦስት ፍሬ ምን ይሠራልኛል?» እና ሌሎች የማይኮፕላዝማ መድኃኒት ስህተቶች

የምሠራው ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ አንድ ወጣት ባዶ የአሞክሳሲሊን ስትሪፕ ባንኮኒው ላይ ጣለና «እህት፣ ይህንኑ ድገሚልኝ፣ ሳሉ አልለቀቀኝም» አለኝ። በሌላ እጁ የያዘው የሐኪም ወረቀት ግን የሚለው ሌላ ነው፦ የማይኮፕላዝማ ሳንባ ምች (ማይኮፕላዝማ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ)፣ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ 3 ፍሬ።

«የሳል አንቲባዮቲክ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው በየቀኑ የምሰማው ነው። አሞክሳሲሊንም ሆነ ኦግመንቲን ባክቴሪያን የሚገድሉት ግድግዳውን እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከነጭራሹ ግድግዳ የለውም፤ ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። ድንኳን ለማፍረስ ዲጂኖ ይዞ እንደመሄድ ነው። አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ግን ፕሮቲን እንዳያመርት ስለሚያግዱት ይይዙታል።

«እንግዲያው መርፌ ይወጋልኝ» የሚሉም አሉ። በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶንም ግድግዳ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ነው። የሚተርፋችሁ የመርፌው ሕመም ብቻ ነው።

ወጣቱን ያሳሰበው ግን ቁጥሩ ነበር። 21 የአሞክሳሲሊን እንክብል ያላዳነውን 3 ፍሬ ያድነዋል? አዚትሮማይሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ክኒኑ ካለቀ በኋላም ለቀናት ይሠራል። የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ግን ቀድሞ ይንገረን።

«ሳሉ ካልቆመ መድኃኒቱ ከሽፏል»? የግድ አይደለም። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም ሳሉ ለሳምንታት ሊጎተት ይችላል። ሆኖም ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ በተለይ ሌሊት የሚያልብና የሚያከሳ ከሆነ፣ የአክታ ምርመራ ይፈልጋል፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ማይኮፕላዝማና የቲቢው ማይኮባክቴሪየም በስም ስለሚቀራረቡ ደንግጦ የሚመጣ አለ። ዘመድ አይደሉም፦ የአንዱ ሕክምና በቀናት ሲያልቅ የሌላው ወራት ይፈጃል።

በግብረ ሥጋ ለሚተላለፈው ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የጓደኛን አዚትሮማይሲን መዋስ አያዋጣም፤ በብዙ ቦታ ተላምዶታል። ሐኪም ነው የሚወስነው፣ የትዳር ጓደኛም አብሮ ይታያል።

ዶክሲሳይክሊን የታዘዘላችሁ ደግሞ ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ አራርቁት፤ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሱታል። ነፍሰ ጡር ቀድማ ትንገረን። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፣ ወዲያው አትተኙ። አንዲት ደንበኛችን ማታ በምራቋ ውጣው ተኛች፤ ጠዋት ጉሮሮዋ ተቃጥሎ እንጀራ መዋጥ አቅቷት ተመለሰች።