መልቲታስክ ለርኒንግ ምንድን ነው? አንድ ኔትወርክ ብዙ ሥራ ሲይዝ

መኪና ላይ የተገጠመ ካሜራ አስቡ። ከአንዱ ምስል ሦስት ነገር እንዲነግረን እንፈልጋለን፦ መንገዱ የቱ ጋ ነው፣ ፊት ለፊት ያለው ነገር ስንት ሜትር ይርቃል፣ ደሞ ሰው ነው ወይስ መኪና። ለያንዳንዱ የራሱን ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም ነው) ትሬን ማድረግ፣ ማለትም ማሰልጠን፣ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም መጀመሪያ የሚያስበው እንደዛ ነው። ግን ሦስቱም ሞዴሎች መጀመሪያ ላይ የሚማሩት ያው አንድ ነገር ነው እኮ፣ ጠርዝ መለየት፣ ጥላውን ከእቃው መለየት፣ ቅርጽ ምናምን። ሦስት ቦታ ከማስተማር አንድ ቦታ አስተምሮ ሦስቱም እንዲጠቀሙበት ማድረግ፣ መልቲታስክ ለርኒንግ የሚባለው በቃ ይሄ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርኩ የመጀመሪያዎቹ ሌየሮች (ተደራራቢ ደረጃዎቹ) የጋራ ይሆናሉ፣ መጨረሻ አካባቢ ኔትወርኩ ይከፈልና ለያንዳንዱ ታስክ (ሥራ) አጭር ቅርንጫፍ ይወጣለታል፣ ሄድ ይሉታል። እያንዳንዱ ሄድ ምን ያህል እንደተሳሳተ ሎስ በሚባል ቁጥር ይለካል፣ ሎሶቹ ይደመሩና ድምሩ እንዲቀንስ ዌይቶቹ (ኔትወርኩ ሲማር የሚለዋወጡት የውስጥ ቁጥሮች) ይስተካከላሉ። የአንዱ ሄድ ዌይት የሚሰማው የራሱን ታስክ ስህተት ብቻ ነው፣ የጋራው ክፍል ግን የሁሉንም ይሰማል፣ ጨዋታው በሙሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። (ለየብቻ ኔትወርክ ሰጥቶ ዌይቶቻቸው ብዙ እንዳይራራቁ የሚደረግበት ለስለስ ያለ ዓይነትም አለ፣ እሱን እንለፈው።)

ጥቅሙ ሜሞሪና ጊዜ መቆጠብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ አንዱ ታስክ ሌላውን ማስተማሩ ነው። ተመራማሪው ሪች ካሩዋና በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳየው ምሳሌ አሪፍ ነው፣ ከ14 ሺህ በላይ የሳንባ ምች ታማሚዎች ዳታ ነበረው፣ የሚፈለገው ታማሚው ሲመጣ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ መገመት ነው፣ ማን ሆስፒታል ይተኛ ማን ቤቱ ይሂድ ለማለት። ችግሩ የደም ምርመራው ውጤት የሚመጣው ሰውዬው ከተኛ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ለኔትወርኩ ኢንፑት አድርገህ ልትሰጠው አትችልም፣ በሰዓቱ የለማ! የድሮ ታማሚዎች መዝገብ ላይ ግን ቁጭ ብሏል። ታዲያ ካሩዋና ምን አደረገ፣ የምርመራውን ውጤት አውትፑት አደረገው። ኔትወርኩ አደጋውን ሲገምት የነጭ የደም ሴል ብዛትና ሌላውንም አብሮ እንዲገምት ተገደደ። ሥራ ላይ ሲውል እነዚያ ተጨማሪ ግምቶች ይጣላሉ፣ ማንም አያያቸውም፣ ግን ዋናው ግምት ተሻሻለ። ምክንያቱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ "ዳነ" ወይም "ሞተ" የሚል አንድ መልስ ለኔትወርኩ የሚነግረው በጣም ጥቂት ነው፣ የደሙን ውጤት ለመገመት ግን የታማሚውን ሁኔታ ጠለቅ አድርጎ ማየት አለበት፣ ያየው ነገር ደሞ ለዋናው ጥያቄም ይጠቅማል።

ጎ የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አልፋጎ የሚባለው ጎ ተጫዋች ፕሮግራም የመጀመሪያው ላይ ቀጣዩን እርምጃ የሚመርጥ አንድ ኔትወርክ፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚገምት ሌላ ኔትወርክ ነበረው። በ2017 የወጣው አልፋጎ ዜሮ ሁለቱን አንድ ግንድ ላይ ሁለት ሄድ አደረጋቸው። እርምጃ መገመቱ ላይ ትንሽ ወረደ፣ አሸናፊውን መገመቱ ላይ ግን ተሻለ፣ አጠቃላይ አጨዋወቱም በደንብ ጠነከረ።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ሎሶቹ ይደመራሉ ብያለሁ አይደል? አንዴ ርቀትና ዓይነት አብሮ የሚገምት ሞዴል ስሠራ ርቀቱን በሚሊሜትር ትቼው ነበር። የ200 ሚሊሜትር ስህተት ስኩዌር ሲሆን (በራሱ ሲባዛ) 40,000 ነው፣ የዓይነቱ ሎስ ደሞ ከ1 በታች። ድምሩ ደስ በሚል ሁኔታ እየወረደ ነበር፣ ዓይነት መለየቱ ግን ዝም ብሎ እንደመገመት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዳታውን ስጠራጠር ከርሜ ሎሶቹን ለየብቻ ሳወጣቸው ነው የገባኝ። ኔትወርኩ አልሰነፈም፣ አንዱ ታስክ ሲጮህ የሌላው ድምፅ አልተሰማም። ወደ ሜትር ስቀይረው ችግሩ ወዲያው ቀለለ። ሁሌም እንደዚህ ቀላል አይደለም በርግጥ፣ ለዚህ ነው ለያንዳንዱ ሎስ ማባዣ የሚሰጠው፣ ኬንዳል፣ ጋልና ቺፖላ የሚባሉ ተመራማሪዎች ደሞ በ2018 ማባዣውን ኔትወርኩ ራሱ ከያንዳንዱ ታስክ እርግጠኛ አለመሆን ተነስቶ እንዲማረው አድርገዋል።

ሚዛኑ ተስተካክሎም ታስኮቹ ላይስማሙ ይችላሉ። አንዱ ይሄን ዌይት ጨምር ይላል ሌላው ቀንስ ይላል፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለው ዓይነት ነገር ይመጣል። ኔጋቲቭ ትራንስፈር ይሉታል፣ አብረው ሲማሩ ለየብቻ ከተማሩት የባሰ ሲሆኑ ማለት ነው። በ2020 የወጣ አንድ ዘዴ የሁለቱ ታስኮች ግራዲየንት (ዌይቶቹ ወዴት ይቀየሩ የሚለው አቅጣጫ) ሲቃረን የሚጋጨውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይጥላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ታስክ ለብቻው ትሬን አድርጎ ውጤቱን ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ፣ አለዚያ መጎዳቱንም አታውቅም። ለእኛ ዘመድ የሚመስሉን ታስኮች ለኔትወርኩ ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታስኮቹን በየተራ ማስተማር ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱት። ማክሎስኪና ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1989 አንድ ኔትወርክ በአንድ መደመርን አስተምረው፣ ከዛ በሁለት መደመርን ሲያስተምሩት የመጀመሪያውን ወዲያው ረሳው። መልቲታስክ ላይ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ ነው የሚቀርበው፣ የመርሳት ዕድል አያገኝም።

ጽሑፍ የሚያነቡና የሚጽፉ አንዳንድ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ደሞ ሄዱ ራሱ ጠፋ። በ2019 የወጣው ቲ-5 የሚባል ሞዴል ላይ ታስኩ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል፣ ተርጉም፣ አሳጥር እያለ፣ መልሱም ጽሑፍ ነው፣ አውትፑቱ ለሁሉም አንድ ነው። የሎስ ማባዣ ጣጣ ቀረ ስትል ግን ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ፣ አሁን ጥያቄው ከየታስኩ ስንት ምሳሌ ይቀላቀል የሚል ሆነ፣ ቲ-5 የሠሩት ሰዎችም ትልልቁ ዳታሴት (የምሳሌ ስብስብ) ትንንሾቹን እንዳይውጥ ጣሪያ ማበጀት ነበረባቸው።