ፋብሪካው የት ይተከል? ሀዲድ ዘርጊዎቹ ቀድመው የመለሱት ጥያቄ

ፋብሪካ፣ ገበያና ከተማ ለምን አሁን ያሉበት ቦታ ላይ ሆኑ? ይህን የሚያጠናው የቦታ ኢኮኖሚክስ ነው። ታሪኩ ሲነገር ግን የባቡር መሐንዲሶች ይዘለላሉ። ይህ ትልቅ በደል ነው። ከዚህ በታች በጥቅስ ያሉት በተለምዶ የሚነገሩ አባባሎች ናቸው፤ ከየአባባሉ ሥር መልሱ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የፋብሪካ ቦታን በሒሳብ መምረጥ የጀመረው አልፍሬድ ቬበር ነው»

የጀርመናዊው ኢኮኖሚስት የቬበር መጽሐፍ የወጣው በ1909 ነው። ቪልሄልም ላውንሃርት ግን ችግሩን በ1882 ፈትቶ አሳትሞታል። ላውንሃርት በጀርመን ሃኖቨር የመንገድ፣ የባቡርና የድልድይ ሥራ ፕሮፌሰር ነበር።

ሦስት ቦታዎች አሉ እንበል፦ የብረት ማዕድኑ የሚወጣበት፣ የድንጋይ ከሰሉ ያለበት፣ ብረቱ የሚሸጥበት። ማቅለጫው የት ይሁን? የእያንዳንዱ ጭነት ክብደት በሚጓዘው ርቀት ይባዛል፤ ከዚያ ይደመራል። ድምሩ ከሁሉም የሚያንስበት ነጥብ መልሱ ነው። ከባዱ ጭነት ፋብሪካውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ይህ ሦስት ማዕዘን ዛሬም በአብዛኛው የሚጠራው በቬበር ስም ነው፤ ላውንሃርትም አብሮ ቢጠራ ተገቢ ነበር።

«መሐንዲስ የሚያሰላው የግንባታ ወጪ ብቻ ነው»

በፍጹም። ላውንሃርት በ1872 የግንባታውን ወጪ በመስመሩ ላይ ከሚመላለሰው ጭነት የማጓጓዣ ወጪ ጋር ደምሮ ነው መስመር የመረጠው። አሜሪካዊው መሐንዲስ አርተር ዌሊንግተንም በ1877 በዚሁ ጉዳይ ጽፏል። ዳገት ለመሥራት ርካሽ ቢሆን እንኳ፣ ባቡሩ በወጣ ቁጥር ያስከፍላል። የዳገትን ዋጋ እኛም አገር አይተነዋል። ከጅቡቲ የመጣው ሀዲድ ተራራ ላይ ያለችውን ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ። በ1902 ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው።

«ከተሞች በስድስት ጎን ቅርጽ ይደረደራሉ ያለው መጀመሪያ ክሪስታለር ነው»

ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሪስታለር የጻፈው በ1933 ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሊዮን ላላን ግን ስለ ባቡር መረብ ሲያጠና በ1863 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቧል። ለእሱ የከተሞቹ አቀማመጥ እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች ይሠራል፤ ከአንድ ከተማም ስድስት መስመር ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉት ስድስት ከተሞች ሲገናኙ ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ይሆናል።

«ርቀት ግንኙነትን በምን ያህል እንደሚቀንስ የተሰላው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው»

ኦስትሪያዊው የባቡር መሐንዲስ ኤድዋርድ ሊል ከቪየና ተነስተው ወደየጣቢያው የሄዱትን መንገደኞች ቁጥር መረመረ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መንገደኛው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሕጉን በ1891 በመጽሐፍ አወጣው። ሆላንዳዊው ኢኮኖሚስት ያን ቲንበርገን የአገሮችን ንግድ በዚህ ዓይነት ቀመር ያሰላው በ1962 ነው፤ ከ70 ዓመት በኋላ።