የመጣሁት ልጠይቅ እንጂ ልገንዝ አይደለም

ደሴ ውስጥ ሆስፒታል ገብቼ የአንዱ ክፍል ደጃፍ ላይ ስቆም አስቀድሞ የሚለወጠው የአስታማሚዎች ፊት ነው። ጥምጣምና መስቀል ሲያዩ ይገረጣሉ። በቀደም አንዷ ከበሩ ላይ ይዛኝ «አባ፣ እሱ እኮ ደህና ነው! ምን ሰምተው መጡ?» አለችኝ። እኔ የመጣሁት ከጎኑ የተኛውን ልጠይቅ ነበር።

«ቄስ ከተጠራ በሽተኛው አከተመለት» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰዉ እኛን የሚያስታውሰው ሐኪም እጁን ሲሰበስብ ነው፤ ስለዚህ በገባን ማግስት ለቅሶ ይሆናል። አዘግይታችሁ ጠርታችሁ ስታበቁ የሞት መልእክተኛ ታደርጉናላችሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የታመመ ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት አለ እንጂ ሊሞት ያጣጣረ ይጥራ አላለም። ቀንዲል፣ ማለት ይኸው ዘይት እየቀባን ለታመመ የምንጸልየው፣ ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲሆን የሚጸለየውም ታማሚው እንዲድን ነው። ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍትሐት ነው። እባካችሁ አታደበላልቋቸው።

ንስሐ ደግሞ በአንደበት ነው። አፉ ውስጥ ቱቦ ከገባ በኋላ ስትደውሉልኝ ምን ላድርግላችሁ? እጸልያለሁ፣ መስቀል አሳልማለሁ፤ ሰውየው ግን ሊነግረኝ የፈለገውን እንደያዘ ይቀራል።

አንድ ቤተሰብ ላንሳ። ወሎ አይደል፣ እናትና ሴቶች ልጆች ክርስቲያን፣ ወንዱ ልጅ ሙስሊም። እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ «ቄስ ጥሩልኝ» ስትል ሴቶቹ «ትደነግጣለች» ብለው አድበሰበሷት። የደወለልኝ ወንዱ ልጅ ነው፦ «አባ፣ እናቴ እየጠራችዎት እህቶቼ ዝም አሉ፤ ይድረሱልኝ።» ባጃጅ ይዞ መጥቶ ወሰደኝ። ስገባ አሮጊቷ ቀና ብለው «ምነው ዘገዩሳ አባቴ» አሉኝ። የደነገጡትስ ልጆቻቸው ነበሩ። ተናዘዙ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ከሳምንታት በኋላም በእግራቸው ወጡ። በእኔ ጸሎት ብቻ ነው አልልም፤ ሐኪሞቹም ለፍተዋል።

ሐኪም ካነሳን «ጸበል የጀመረ መድኃኒት ያቆማል» የሚለው ወሬ ሰው ገድሏል። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ኪኒናውን በጸበሉ ዋጡት።

ዕጣን ካልጨሰ ጸሎቱ አይሠምርም? ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይለኮስም፤ ነርሷ ስትከለክል ሃይማኖት ነክታ አይደለም።

ቄስ ገንዘብ ካልተሰጠው አይመጣም? እኔ የታክሲም ጠይቄ አላውቅም።

እስር ቤት ስሄድም «የነገርኩዎትን ለፖሊስ ይነግራሉ» ብሎ የሚሸሸኝ አለ። የንስሐን ምስጢር ያወጣ ካህን ክህነቱን ያጣል፤ ልጄ፣ ተረጋጋ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩት ልጆች ደግሞ «የንስሐ አባቴ አገር ቤት ናቸው» ብለው ዓመታት ሳይናዘዙ ይቆያሉ። እሳቸውን አስፈቅዳችሁ፣ ምርቃታቸውን ተቀብላችሁ እዚሁ ሌላ የንስሐ አባት መያዝ ትችላላችሁ። የሌሊት ፈረቃ ያደረ ሰው ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቢያንጎላጅ የሚቆጣ ካህን ካለ ወደ እኔ ላኩት።

አስታማሚዎች፣ በሽተኛውን ራሱን ጠይቁት፦ «አባን ልጥራልህ?» በሉት። ጆሮው ላይ አታንሾካሹኩ፣ ኮሪደር ላይ አታልቅሱ፤ እሱን የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ካለው ደግሞ ቀኑን እንዳወቃችሁ ደውሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በሌሊት ጠርታችሁኝ የሐረጎን ቁልቁለት በጭጋግ ስወርድ ለእኔም ቄስ እንዳያስፈልገኝ።