የከርነል መልእክቶች በኮንሶል ላይ፦ የሚታየውና የሚደበቀው

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት፣ ሥራውን ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ የሚያጋጥመውን ሁሉ ይናገራል፤ ዲስክ ሲያገኝ፣ የኔትወርክ ገመድ ሲነቀል፣ ሜሞሪ ሲያልቅበት አጭር መልእክት ያወጣል። መልእክቱ መጀመሪያ የሚገባው ሜሞሪ ውስጥ ወዳለ ማከማቻ ነው፤ ማከማቻው ሲሞላ አዲሱ መልእክት በአሮጌው ቦታ ይጻፋል። ከዚያ አልፎ ኮንሶል ላይ፣ ማለትም ከርነሉ በቀጥታ በሚጽፍበት ስክሪን ወይም ሲሪያል መስመር ላይ፣ ይውጣ አይውጣ የሚለውን የሚወስነው የኮንሶሉ ደረጃ ነው። ደረጃውን መቀየር የሚታየውን እንጂ የሚመዘገበውን አይቀንስም።

እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 ያለ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳዩ ይከብዳል። 0 ሲስተሙ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን ያመለክታል፣ 3 ስሕተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 6 ተራ መረጃ ሲሆን 7 ደግሞ ፕሮግራመሮች ችግር ሲፈልጉ የሚያዩት ነው። ኮንሶሉ የሚያወጣው ከተቀመጠለት ቁጥር በታች ያሉትን ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ላይ የተቀመጠ ኮንሶል ስሕተትን ያሳያል፣ ማስጠንቀቂያን ግን አያሳይም፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቅንብሩ የሚገኘው በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ ፕሪንትኬ በሚባል ፋይል ውስጥ፣ በአራት ቁጥሮች ነው። የመጀመሪያው አሁን የሚሠራበት የኮንሶል ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ሳይጻፍበት ለወጣ መልእክት የሚሰጥ፣ ሦስተኛው ኮንሶሉ ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛው፣ አራተኛው ደግሞ መነሻው ነው። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ 4፣ 4፣ 1 እና 7 ተጽፎ ይገኛል። ለጊዜው ለመቀየር፣ የተከማቹትን መልእክቶች የሚያሳየው የዲሜሴጅ ትዕዛዝ ይበቃል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣም እንዲጸና ከተፈለገ የከርነል ቅንብሮች በሚቀመጡበት የሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ማሽኑ ገና ሲነሣ የሚሠራው ግን ከርነሉን በሚያስነሣው ፕሮግራም፣ በግራብ በኩል፣ ለከርነሉ የሚሰጠው ቃል ነው፤ «ኳየት» የሚለው ቃል ደረጃውን ወደ 4 ያወርደዋል፣ «ሎግሌቭል» የሚለው ደግሞ የተፈለገውን ቁጥር ያስቀምጣል።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ቅንብር ትርጉሙ የሚገባው በክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ ዩፒኤሱ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ጀነሬተሩ ሳይነሣ ሰርቨሩ ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ከፖሊ ግቢ ተመርቆ ሥራ የጀመረው ወጣት ስክሪኑ ፊት ቆሞ ይጠብቃል። «ኳየት» ካለ የሚያየው የመግቢያውን መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለውጦችን ከሚመዘግብበት ጆርናል ራሱን እንዳስተካከለ የሚገልጸው መልእክት ደረጃው 6 ስለሆነ ስክሪኑ ላይ አይወጣም፤ ዲሜሴጅን ሲጠራ ግን ያገኘዋል። የዲስኩ አንድ ክፍል አልነበብ ብሎ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ ደረጃ 3 ነውና ሳይጠራው ስክሪኑ ላይ ይመጣበታል። በእኔ እምነት ይህ አከፋፈል ለዕለት ሥራ ትክክለኛው ነው።

ደረጃውን ያለ ምክንያት ከፍ ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። ኮንሶሉ ላይ ትዕዛዝ እየጻፉ ግማሽ ላይ ሲደርሱ የኔትወርኩ መስመር ተነሣ የሚል መልእክት በፊደሎቹ መካከል ይገባል፤ የተጻፈው አልተበላሸም፣ ዓይን ግን ይደናገራል። ሲሪያል መስመር ላይ ነገሩ ይብሳል። በሴኮንድ 115,200 ቢት የሚያስተላልፍ መስመር 11,500 ያህል ፊደል ብቻ ስለሚያወጣ፣ ፋየርዎሉ ያገደውን እያንዳንዱን ፓኬት እንዲመዘግብ ከታዘዘ ጽሑፉ መስመሩን አጨናንቆ ማሽኑን እስከ ማዘግየት ይደርሳል።

ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መርሳትም የራሱ አደጋ አለው፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። ማሽኑ ድንገት ደርቆ ሲቆም ሜሞሪ ውስጥ ያለው መልእክት ወደ ዲስክ ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም፤ ማሽኑ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ከርነሉ ፓኒክ ውስጥ ሲገባ፣ ማለትም ሥራውን መቀጠል የማይችልበት ስሕተት ሲገጥመው፣ የኮንሶሉን ደረጃ ራሱ ከፍ ቢያደርግም፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የሚጠቁሙት ከዚያ በፊት የወጡት ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ስለዚህ ተደጋግሞ የሚቆም ሰርቨር ያለበት ሰው ምክንያቱ እስኪታወቅ ደረጃውን ቢያንስ 5፣ ከተቻለም 7 አድርጎ፣ መልእክቶቹን በሲሪያል ገመድ ወይም የኮንሶሉን መልእክት በኔትወርክ በሚያስተላልፈው በኔትኮንሶል ወደ ሌላ ማሽን ቢልክ ይሻለዋል። ኔትኮንሶልም እንደ ማንኛውም ኮንሶል በዚሁ ደረጃ የሚገዛ ስለሆነ፣ ቁጥሩ 4 ላይ ከቀረ ማስጠንቀቂያዎቹ ሌላው ማሽን ዘንድ አይደርሱም።