የሴት ፖርትሬት ስናይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንዲት ሴት የተሳለችበት ሥዕል ፊት ስንቆም «አዝናለች»፣ «ይሄ ምልክት ነው» ለማለት እንቸኩላለን። አንዳንዱ ግምት ልክ ነው። ብዙው ግን ከሥዕሉ ሳይሆን ከራሳችን የሚመጣ ነው።

«ከኋላዋ ጥቁር ከሆነ ሐዘን ነው»

የሆላንዱ ሠዓሊ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሳላትን ባለ ዕንቁ ጉትቻ ልጅ ያላየ ጥቂት ነው። ከጨለማ ውስጥ ዞር ብላ ታየናለች። ጨለማው ብቸኝነት ነው፣ ምስጢር ነው እየተባለ ይተረጎማል። ሠዓሊው ግን ባዶ ጨለማ አልሳለም። ሥዕሉ ያለበት የሞሪትስሃውስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ምርመራ ከኋላዋ አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበረ ታውቋል። ቀለሙ በዘመን ብዛት ተበላሽቶ ነው የጠቆረው። ስለዚህ ስሜቷን ፊቷ ላይ ፈልጉ። አፏ ገርበብ ብሏል። ከንፈሯ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነጥብ ከንፈሩን እርጥብ ታስመስለዋለች። ዓይኗ በትከሻዋ በኩል ዞሯል። ለእኔ ያዘነች ሳይሆን ድንገት ስሟ የተጠራ ትመስላለች።

«ፊቷ የሕይወት ታሪኳን ይነግረናል»

ሁልጊዜ አይደለም። ይህችው ልጅ የታወቀች ሰው ምስል አይደለችም። ሆላንዶች ትሮኒ የሚሉት ዓይነት ሥዕል ናት፤ የሚታየው ማንነት ሳይሆን መልክ፣ ልብስና ስሜት ነው።

«ሆዷ ከወጣ እርጉዝ ናት»

ሠዓሊው ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 በሳለው፣ አርኖልፊኒ የተባለ ሰው ከአንዲት ሴት ጋር በቆመበት ሥዕል ላይ ሴትዮዋ አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ሆዷ ላይ ይዛለች። ያያት ሁሉ «መውለጃዋ ደርሷል» ይላል። ቀሚሱ ግን ካልሰበሰቡት የማያስኬድ ነው፤ የዘመኑ ፋሽን ነበር። ቫን አይክ ድንግሊቱን ቅድስት ካትሪንን ሲስልም ሆዷን እንዲሁ አውጥቶ ነው። ያ ሁሉ ጨርቅ የሚናገረው ስለ እርግዝና ሳይሆን ስለ ገንዘብ ነው።

«እያንዳንዱ ነገር ድብቅ ትርጉም አለው»

አንዳንዱ አለው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሳላት ቼቺሊያ ጋለራኒ ያቀፈችው ነጭ እንስሳ፣ ኤርሚን፣ የንጽሕና ምልክት ነበር። የወዳጇ የሚላኑ ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛም ከዚሁ እንስሳ ጋር ስሙ ይያያዝ ነበር። እዚያ ምልክት መፈለግ ያዋጣል። አንዳንዴ ግን ሥዕል ላይ ያለ ውሻ ውሻ ብቻ ነው።

«ካልሳቀች ከፍቷታል»

እስኪ ሩብ ሰዓት ፈገግ ብላችሁ ቆዩ! ለሠዓሊ መቀመጥ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። በድሮው የአውሮፓ ሥዕል ጥርስ አውጥቶ መሳቅ በአብዛኛው የሰካራምና የቀልደኛ ነበር። ከንፈሯ ዝም ካለ ወደ እጆቿ ውረዱ፦ ጣቶቿ ላልተዋል ወይስ ጨርቁን ጨብጠዋል?