የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በጅማ፦ ቴክኖሎጂና ማኅበራዊ ሚዲያ ያመጡት ለውጥ

በጅማ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ለረጅም ዘመን መልእክት ማድረስ ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መግለጫ ይጽፋል፣ ኃላፊውን ያስፈርማል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ለሬዲዮ ጣቢያ ይልካል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ሞንታርቦ የጫነ መኪና በየሰፈሩ እየዞረ የውኃ መቋረጡን ወይም የክትባት ዘመቻውን ይለፍፋል። መልስ ያለው ነዋሪ ግን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዶ ደጅ መጥናት ነበረበት።

አሁን ጥያቄውም ስድቡም ከመግለጫው ሥር በደቂቃዎች ውስጥ ይደረደራል። ማኅተም እስኪመታ የሚጠብቅም የለም። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች ከቀሪ ሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ሲችሉ፣ ወሬው ጅማን ጨምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተዛመተው በመልእክት መላላኪያዎችና በስልክ ጥሪ ነበር። ተማሪዎች እኩለ ሌሊት ላይ በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች «ገንዘቡን መልሱ» የሚል ማሳሰቢያ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባንኩም በበኩሉ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ። በሥራ ሰዓት ብቻ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንዲህ ያለውን ሌሊት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው።

ጅማ ላይ ፍጥነቱን የሚያከብደው ቋንቋ ነው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በከተማዋ ገበያ አማርኛም በሰፊው ይነገራል፤ በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ማስተባበያ በአንዱ ቋንቋ ወጥቶ በሌላው ሲዘገይ፣ ያ ክፍተት የወሬ መግቢያ በር ይሆናል።

መሣሪያው ቢለወጥም ልማዱ አልለቀቀም። የብዙ መሥሪያ ቤቶች የፌስቡክ ገጽ አሁንም በስብሰባ ፎቶግራፍ የተሞላ ነው፦ መድረኩ፣ የታሸገው ውኃ፣ ባነሩ። «ካርታዬ መቼ ይሰጠኛል?» ብሎ የጠየቀው ነዋሪ ግን መልስ አያገኝም። ይህን የቴክኖሎጂ እጥረት ማለት ያስቸግራል፤ መልስ ለመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ከገጹ ጀርባ አለመኖሩ ነው።

የሕግና የኢንተርኔት መስመር ጉዳይም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ስለነበር፣ ሥራውን ሁሉ በእነሱ ላይ የጣለ ክፍል ለወራት ተቸግሯል።

በሆስፒታል የሚሠራው ባለሙያ ፈተና ደግሞ የተለየ ነው። የተሳካ ቀዶ ሕክምና መልካም ዜና ነው፤ የታካሚውን ፊት ለማሳየት ግን ፈቃዱ ያስፈልጋል። ታካሚው በማግስቱ ሐሳቡን ቢቀይር ባለሙያው ፎቶግራፉን ከገጹ ያጠፋ ይሆናል፤ በሰው ስልክ የገባውን ግን ማንም አያወጣውም።